ከእግሬ በቀር ደህና ነኝ

ፓሪስ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እማማ፦

እኔ ከናፍቆትዎና ከሁለቱ እግሮቼ በስተቀር፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። ግራው ትንሽ ይሻለዋል።

(ሚሚ፣ ደብዳቤውን የምታነቢላቸው አንቺ ስለሆንሽ አስቀድመን እንዋዋል። እንዲህ በቅንፍ ያጠርኩትን በዓይንሽ ብቻ ነው የምታልፊው። እማማ «ምነው ዝም አልሽ?» ካሉ «ጽሕፈቱ አልነበብ አለኝ» በይ። ጽሕፈቴ እንደሆነ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስሙ የጠፋ ነው፤ ያምኑሻል።)

የጰራቅሊጦስ ሰሞን ስልኬ ተዘግቶ ቢከርምብዎ «ልጄን ምን በላው?» ብለው ሰፈሩን እንዳስጨነቁ ሰምቻለሁ። ምንም አልበላኝም፤ ለመሳለም ሄጄ ነው። አዎ፣ እኔው ራሴ። «የአባትህም ይሁን የእናትህ፣ ቅዳሴ ቅዳሴ ነው፤ ተነስ!» እያሉ ብርድ ልብስ ይገፍፉት የነበረው ልጅ፣ ከፓሪስ ተነስቼ ሻርትር እስከምትባል ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሬ ሄድኩ። በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ባቡሩም አልተበላሸም።

«የካቶሊክ ነገር ነው» ብለው ፊትዎን ከማዞርዎ በፊት ግን የሄድኩት ወደ ማን እንደሆነ ይስሙኝ። የሄድኩት ወደ እመቤታችን ነው። ሻርትር ካቴድራል ውስጥ ጌታን በወለደች ጊዜ ለብሳው ነበር የሚባል የሐር ጨርቅ አለ። በ876 ገደማ፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርዎ፣ ለከተማዋ የሰጣት ንጉሥ «መላጣው ሻርል» ይባላል። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም፤ በታሪክ መጽሐፍ ላይ እንዲሁ ነው የተጻፈው፤ በቁሙ ማን እንደደፈረ እንጃ። በ1194 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ጨርቁም አብሮ ነደደ ተብሎ ከተማው ሁሉ እርሙን አወጣ። በሦስተኛው ቀን ካህናቱ ከምድር ቤቱ ይዘውት ብቅ አሉ። ያን ጊዜ ልቅሶው ወደ እልልታ ተለወጠና ዛሬ የሚታየውን ካቴድራል ማነፅ ጀመሩ። እንግዲህ ይህን ሰምተው «ምን ሊሠራ ሄደ?» የሚሉኝ ከሆነ ግሼን ማርያም ስለምን እንደሚወጡ እኔም እጠይቅዎታለሁ።

ነገሩን ያመጣው አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ቁመቱ ከበር መቃን የሚጋጭ ስለሆነ በሆዴ «ረጅሙ» እለዋለሁ። ስምንት ወንድምና እህት አለው። ይህን ሲነግረኝ ሌሎቹ ፈረንሳዮች አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ «ትንሽ አይደላችሁም» አልኩና ዝም አልኩ። ካቶሊክ መሆኔን ባወቀ ቀን «ኢትዮጵያዊ አይደለህም እንዴ? እናንተ ኦርቶዶክስ ናችሁ» አለኝ። እዚያ ሰፈር ስሆን ደግሞ «ሐበሻ አይደለህም እንዴ? ካቶሊክ የፈረንጅ ነው» ይሉኝ ነበር። ካቶሊኩ አባባ ከእምድብር መነሳቱ፣ እዚያ በግዕዝ መቀደሱ፣ ከበሮ መመታቱ ሁሉ ለማንም አይገባም። እዚያ ፈረንጅ፣ እዚህ ሐበሻ ሆኜ ስኖር የምመዘገብበት መስመር የጠፋኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለካ እነሱ ከእኔ ብሰዋል! እዚህ አገር ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ካለ ሰው በሐዘኔታ ያየዋል። ማታ ማታ ሳህን የማጥብበት ምግብ ቤት ዋናው ወጥ ቤት ለረጅሙ የዕረፍት ሰሞን የት እንደምሄድ ጠየቀኝ። «ለመሳለም» ብለው «ማን ሞቶብህ ነው?» አለኝ። በእኔ ምድብ አብራን የተጓዘች አንዲት ልጅ ደግሞ እናትና አባቷ እግራቸው ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። እሷ ዘንድሮ ለፋሲካ ነው የተጠመቀችው። እንዲህ ያሉ አዋቂዎች በፈረንሳይ በ2025 ፋሲካ ከ10,000 በላይ ነበሩ። ታዲያ ለእናቷ ምን ብላ እንደወጣች ያውቃሉ? «ሙዚቃ ፌስቲቫል ልሄድ ነው።» እማማ፣ የእኛ ሰፈር ልጅ ለጭፈራ ሲወጣ «ማኅሌት ልቆም ነው» ይላል። የፈረንሳይዋ ልጅ ለማኅሌት ስትወጣ «ጭፈራ ነው» ብላ ትዋሻለች። የመኝታ ከረጢቷን፣ ጫማዋን፣ የዝናብ ልብሷን ሁሉ እናቷ ናት ያሸከመቻት፤ «ደህና ጨፍሪ» ብላ።

(እናቷ ስትመለስ እግሯን አይታ ምን ዓይነት ጭፈራ ነው እንዳለች አልሰማሁም።)

እንዲህ ያሉ «የባሱ» ዘንድሮ 19,000 ተመዝግበው ነበር፤ አብዛኛው ልጅ እግር ነው። ጉዞው የተጀመረው በ1983 ነው። ፖላንዶች በእግራቸው ወደ ቸንስቶኮቫ ማርያም ሲጎርፉ አይተው፣ «እኛስ ምን ያንሰናል?» ብለው ተነሱ ይባላል። ከዚያም በፊት ቢሆን መንገዱ ባዶ አልነበረም። ሻርል ፔጊ የሚባል ባለቅኔ በ1912 ልጁ በጠና ታሞበት ለሻርትሯ እመቤት ተስሎ በእግሩ ሄዷል። ልጁ ዳነ። እሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በጦርነት ሞተ። የስለት ነገር እዚህ አገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እርስዎ ቢሰሙት «እኔስ ምን አልኩህ?» ይሉኛል።

ቅዳሜ በማለዳ ከፓሪስ ወጣን። ሁሉም በምድብ በምድብ ነው፤ በየምድቡ ፊት መስቀልና የአንድ ቅዱስ ስም ያለበት ሰንደቅ ይሄዳል። እማማ፣ የእነዚህ ሰዎች ንግደት ወታደር ቤት ነው። የመነሻ ሰዓት፣ የዕረፍት ሰዓት፣ የመዝሙር ሰዓት፣ የዝምታ ሰዓት ሳይቀር በወረቀት ታትሟል። ግሼን ሲወጡ አንዲት አሮጊት ጫማቸው ቢፈታ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቆሎ ይወጣል፣ ወሬ ይጀመራል፤ ተጉዘን ነው ወይስ ተቀምጠን የደረስነው እስኪባል። እዚህ የጫማዎን ክር ለማሰር ጎንበስ ካሉ ቀና ሲሉ የሌላ ቅዱስ ምድብ ውስጥ ነዎት። እኔ በአንድ ቀን ብቻ የሦስት ቅዱሳን ተከታይ ሆኛለሁ።

የፓሪስን መንገድ ሞልተን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ከቡና ቤት በረንዳ ላይ ሆነው ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉና «ምን ጠይቃችሁ ነው?» አሉን። እዚህ ከተማ መንገድ ሞልቶ የሚሄድ ሁሉ ሰልፈኛ ነው፤ ወይ የጡረታ ዕድሜ ነው፣ ወይ የደመወዝ ጭማሪ። ያችው ጭፈራ የሄደችው ልጅ «መንግሥተ ሰማያት!» አለቻቸው። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «ከዚህ መንግሥት አታገኙትም» ብለው ጋዜጣቸውን ከፍ አደረጉ።

አሁን ወደ እግሬ ልምጣ። ኢትዮጵያዊ መሆኔ የታወቀ ዕለት አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንደሮጠ የማይነግረኝ ሰው ጠፋ። የምድባችን አለቃ «አንተ ወደኋላ የቀሩትን ትረዳለህ» ብሎ ሾመኝ። እኔ እንግዲህ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ታክሲ ይዤ የምሄድ ልጅ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጠሩ፤ ከደከሙት ኋላ ሆኜ ስለምሄድ ግን ሰው እየረዳኋቸው መሰለው። ማታ የሕክምና ድንኳን በር ላይ ወረፋ ያዝኩ። አንዲት ፈቃደኛ ነርስ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በመርፌ ጫፍ ውሃውን አወጣች፣ አንዳች ቀይ መድኃኒት ቀባች፣ በፋሻ ጠቀለለች። ከዚያ መዝገቧን አንስታ «ከየት አገር ነህ?» አለች። ስነግራት እጇ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ፤ እግሬን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ እግሬን አየች። አገሬን በዚህ መንገድ አላዋረድኩም ብዬ ልምልልዎት አልችልም።

ኑዛዜው ደግሞ በእግር ነው። ይህን ብቻውን ቢያዩት ደስ ይልዎ ነበር። ካህኑ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት አቧራ ለብሶ፣ ከሥር የተራራ ጫማ አድርገው፣ አንገታቸው ላይ ሐምራዊ ጨርቅ አንጠልጥለው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። ተነሳሒው በጎናቸው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ሌላው ሰው ሃያ እርምጃ ያህል ይርቅላቸዋል፤ ተራ የሚጠብቀው ከኋላ ይከተላል። እርምጃቸው ዝግ ካለ ነገሩ ከባድ ነው። ቆመው ከቀሩ በጣም ከባድ ነው። አንዱን ልጅ እህል መሃል ሲደርሱ ካህኑ ጭራሽ ዘወር ብለው አዩት፤ ሁላችንም ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመርን። የእኔ ተራ ደረሰና በደከመ ፈረንሳይኛዬ ሐሜት ላይ ስደርስ «ምን ያህል ጊዜ?» አሉኝ። «ከፓሪስ ከተነሳን ወዲህ ነው?» አልኳቸው። ንስሐዬ እስከሚቀጥለው ማረፊያ ሰንደቁን መሸከም ሆነ።

(ቀሪውን ለአንቺም አልነግርሽም።)

ቅዳሴው በላቲን ነው፤ ካህኑም እንደ እኛዎቹ ፊታቸውን ወደ መንበሩ አዙረው ነው የሚቀድሱት። ይኸው የድሮው ሥርዓት ነው የሚያጨቃጭቃቸው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2021 ገደብ ካበጁለት ወዲህ ጳጳሳቱና አዘጋጆቹ ይወቃቀሳሉ። እኔ በሰው ቤት ጠብ አልገባሁም። ግን ረጅሙ በሹክሹክታ «እናንተስ የድሮ ቋንቋ አላችሁ?» ሲለኝ «ግዕዝ» አልኩት። «ይገባሃል?» አለ። «ላቲን ለአንተ የሚገባህን ያህል» አልኩት። ይህን ጊዜ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። የሚገርመኝ እነዚህ ልጆች አያቶቻቸው «በቃን፣ በገባን ቋንቋ ይሁንልን» ብለው የተዉትን ነው ከሣጥን አውጥተው የለበሱት። እናትና አባት ላይ ማመፅ የሚፈልግ ልጅ ድሮ ፀጉሩን ያሳድግ ነበር፤ አሁን ላቲን ያጠናል። ሁሉም በየዋህነት ነው አልልም። አንዳንዱ ከጸሎት ይልቅ ክርክር ያምረዋል። አንዱ ራሱን የክርስትና ባላባት ያደረገ ልጅ አውሮፓ ለእኛ ሃይማኖት እንዳመጣች ሊያስረዳኝ ጀመረ። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን እንዳመነና የእነሱ ንጉሥ ክሎቪስ የተጠመቀው 5ኛው ሊያልቅ ሲል ገደማ እንደሆነ ነገርኩት። የዚያን ዕለት ምሳውን ከሌላ ምድብ ጋር በላ። ይህን ለአባባ ያስነብቡለት።

እሑድ፣ ሰኔ 1፣ ጰራቅሊጦስ ነበር፤ ዘንድሮ ፋሲካችን አንድ ቀን ስለዋለ በዓሉም ገጠመልን። ሜዳ ላይ ቅዳሴ ተደርጎ ያ ሁሉ ሺህ ሕዝብ አንድ ላይ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። በበዓለ ሃምሳ ስግደት እንደሌለ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ ትዝ አለኝና እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

(እንዲህ ብለሽ አንብቢ። አንቺ ግን እወቂው፦ ብንበረከክ የሚያነሳኝ ሰው ይቀጠርልኝ ነበር።)

ሰኞ ደግሞ ጾመ ሐዋርያት መግባቱን አልዘነጋሁም። ለምሳ ዳቦና ፖም በላሁ።

(ዳቦው ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ቀይ፣ ስስ፣ ጨው የበዛበት። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ካልጠየቁ አያውቁም፣ ካላወቁ አይበድሉም። ረጅሙ «የአያቴ መንደር አሳማ ነው» ብሎ ሲያበላሽብኝ ሁለተኛውን እየጨረስኩ ነበር። ይህን ክፍል እንዲያውም ቀደሽ ጣይው።)

ማታ ማታ የሚታደረው ትልልቅ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቱ ለብቻ። ሾርባ ይታደላል። እሳት ዳር ተቀምጠን ሁሉም ከአገሩ አንድ ይበል ሲባል የማርያም መዝሙር አወጣሁ። ያጨበጭቡ ጀመር። እማማ፣ ላቲኑን እንደ ውሃ ይጠጡታል እንጂ ጭብጨባ አልተሰጣቸውም። እጃቸው ከመዝሙሩ ቀድሞ ሻርትር ሊገባ ምንም አልቀረው። ቆም አድርጌ አስተማርኳቸው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ እኔ ራሴ ጠፋብኝ። እልልታውን ግን ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ያዙት፤ እኩለ ሌሊት ላይ ካህኑ መጥተው «የዝምታ ሰዓት ነው» እስኪሉ ድረስ አላቆሙም። ንጋት ላይ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ሲቀሰቅሱን አጠገቤ የተኛው ፖላንዳዊ በቋንቋው የተናገረውን ለኑዛዜ ያቆየው ይመስለኛል።

መጨረሻው ቀን ቦስ የሚባል ሜዳ ነው። ዛፍ የለ፣ ጥላ የለ፣ ግራ ቀኙ ስንዴ ብቻ። ስንዴው ዳር ላይ የካቴድራሉ ሁለት ቀጫጭን ጫፎች ብቅ ሲሉ «ሻርትር!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ሰው ተቃቀፈ፣ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የደረስን መስሎኝ ነበርና። ጫፎቹ አንዱ 105፣ አንዱ 113 ሜትር ግድም ይረዝማሉ፤ ዘመናቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይመስልም። ያን ያህል ቁመት ያለው ነገር ሜዳ ላይ ሲቆም ምን እንደሚያደርግ እግሬ ነው የሚያውቀው። አንድ ሰዓት ሄደን ያው ነው። ዕረፍት አድርገን ተነሳን፣ ያው ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ወደኋላ የሸሸ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ደወሉ ሁሉ እየተደወለ ገባን። ገባን ስል ከተማው ነው፤ ካቴድራሉ ያን ሁሉ ሰው ስለማይችል የእኛ ምድብ ቅዳሴውን ከደጅ ነው የሰማው። በዚህ እንኳ አልተከፋሁም፤ እርስዎስ ግሼን መቼ ከውስጥ አስቀድሰው ያውቃሉ? ሰዉ ሲበተን ሹልክ ብዬ ገባሁ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ መስኮቶቹ ብቻ ሰማያዊ ብርሃን ይጥላሉ። ወለሉ ላይ የጥንት ተሳላሚዎች የሚዞሩበት ጠመዝማዛ መንገድ አለ ቢሉኝ ወንበር ተደርድሮበት አገኘሁት። ጨርቁን አየሁት፤ በመስታወት ውስጥ፣ ነጣ ብሎ ገርጣ ያለ፣ ጌጥ የሌለው። አጠገቡ አንዲት እንደ እርስዎ ያሉ ፈረንሳዊት አሮጊት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተቀምጠው ነበር፤ ቦታ ለቀቁልኝ። የእርስዎን ስም፣ የእማዬን፣ የአባባን ጠራሁ። ሻማም በስምዎ አብርቻለሁ።

«ጠበልስ አለው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አለው ለማለት ያህል፣ ከምድር ቤቱ ጥልቀቱ ከ30 ሜትር የሚበልጥ ጥንታዊ ጉድጓድ አለ። ጥንት ውሃው ይፈውሳል እያሉ ይጠጡት ነበር። አሁን ተደግፈው ቁልቁል ያዩታል እንጂ አይቀዳም። ስለዚህ ጠርሙስ ባለመላኬ አይቀየሙኝ።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል። ረጅሙን ስለ ግሼን እርስዎ የነገሩኝን ሁሉ ነገርኩት፤ አምባው በመስቀል ቅርጽ መሆኑን፣ ግማደ መስቀሉን፣ መስከረም 21 የሚወጣውን ሕዝብ። ዓይኑ በራ። በዓመቱ እመጣለሁ ብሎ ደብተር አውጥቶ ይጠይቀኝ ጀመር። ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ምድቡ በስንት ሰዓት ይነሳል? ከባድ ሻንጣ የሚጭን መኪና አለ? እዚህ አለና። መኪና የማይደርስበት ዳገት ላይ በቅሎ እንደሚከራይ ነገርኩት። ጻፈው። ቀጥሎ በቅሎዋ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ ጠየቀኝ፤ እሱን እርስዎ ያውቃሉ ብዬዋለሁና በሚሚ በኩል ይላኩልኝ።

ልጅዎ